ዘራችን ወፍራም ነው እያልኩ 97 ኪሎ ደረስኩ

ሰላም ለሁላችሁ። ይሄን የምጽፈው በተለይ ከአገር ወጥታችሁ ኪሎ ለጨመራችሁ እህቶቼ ነው፣ ወንድሞችም ብታነቡት ይጠቅማችኋል። ውፍረት በዘር ነው የሚመጣው ወይስ በምንበላው ካሎሪ ብዛት ነው የሚለውን ነገር እኔ ለ7 አመት ከባሌም ከሐኪምም ከራሴም ጋር ስከራከርበት ኖሬያለሁ፣ መጀመሪያ ዓይኔን የገለጠችልኝ ግን በ15 ዶላር የገዛኋት የኩሽና ሚዛን ናት፣ ጥናቱን ምናምኑን ማንበብ የጀመርኩት ከዛ በኋላ ነው። አመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ከቤተሰቤ ልጀምር። እናቴ ወፍራም ናት፣ ሁለቱም አክስቶቼ ወፍራም ናቸው፣ አያቴም ነፍሷን ይማረውና በፎቶ እንደማያት ደልደል ያለች ሴት ነበረች። ያደግኩት ሽሮ ሜዳ ነው፣ እዛ ሰፈር የኛ ቤት ሴቶች ከሩቅ ይታወቃሉ፣ "የነሱ ዘር እንደዛ ነው፣ ከወለዱ በኋላ ይሰፋሉ" ይባላል፣ እኔም ይሄን እንደ መልኬ ተቀብዬው ነው ያደግኩት። በ2013 ዲቪ ደርሶኝ ሜሪላንድ ስመጣ 64 ኪሎ ነበርኩ። መጀመሪያ የሰራሁት ዲሲ ፓርኪንግ ውስጥ ካሸር ሆኜ ነው፣ እቺ ጠባብ የመስታወት ክፍል ውስጥ 8 ሰዓት አንዳንዴም 12 ሰዓት ቁጭ ማለት ነው። ከዛ ኮርስ ወስጄ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ የማታ ሺፍት ገባሁ፣ በመሀል ሁለት ልጅ ወለድኩ። በ2017 ለጥየቃ አገር ቤት ስገባ 83 ኪሎ ነበርኩ፣ ዘመድ ሁሉ "ተመቸሽ! ሰው መሰልሽ! አሜሪካ ተስማማሽ!" ነው ያለኝ፣ እኔም ደስ አለኝ፣ እውነቱን ነው የምነግራችሁ። በ2020 መጨረሻ ሚዛን ላይ ስወጣ 97።

ቁመቴ 1 ሜትር ከ63 ነው። ደረጃ ስወርድ ጉልበቴን ያመኛል፣ ሌሊት አንኮራፋለሁ፣ ደም ስመረመር ደግሞ የ3 ወር የስኳር አማካይ የሚያሳየው ኤዋንሲ የሚሉት 6.1 መጣ። ከ5.7 እስከ 6.4 ያለው ገና ስኳር በሽታ አይባልም ግን ደጃፉ ላይ ነው፣ እናቴ ደግሞ ስኳር አለባት። ሐኪሙ 5 ደቂቃ እንኳን አልቆየም፣ ኮምፒውተሩን እያየ "ምግብ ቀንሺ" አለኝ። ዶክተር እኔ እኮ በቀን አንዴ ነው የምበላው፣ ዘራችን ነው ስለው እንዳላመነኝ ፊቱ ላይ ታየኝ። መኪና ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ። ምክንያቱም አልዋሸሁም፣ በቀን አንዴ ነው የምበላው ብዬ ከልቤ ነበር የማምነው።

አብራኝ የምትሰራ አንዲት ነርስ ናት ሚዛኑን እንድገዛ የነገረችኝ። "10 ቀን ብቻ አፍሽ የገባውን ሁሉ መዝነሽ ጻፊ፣ ምንም ነገር አትቀንሺ፣ እንደ ወትሮሽ ብዪ" አለችኝ። ይሄ "አትቀንሺ" ያለችው ነገር ነው የጠቀመኝ፣ ቀንሺ ብትለኝ ኖሮ እነዛን 10 ቀናት ጥሩ ልጅ ሆኜ አልፌ ምንም ሳላውቅ እቀር ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ምስር ወጥ ነበር። እንደ ሁልጊዜው ዘይቱን በዓይኔ ገምቼ ድስቱ ውስጥ አንቆረቆርኩት፣ ግን ጀሪካኑን ከማፍሰሴ በፊትም ካፈሰስኩ በኋላም መዝኜው ነበር። 210 ግራም። ዘይት በግራም ወደ 9 ካሎሪ ነው፣ ስኳርና ዱቄት 4 ነው፣ ስለዚ ከዘይቱ ብቻ ወደ 1,900 ካሎሪ ድስቱ ውስጥ ገባ ማለት ነው። ያንን ወጥ አራት ሆነን ሁለት ጊዜ እንበላዋለን፣ እኩል ብንካፈለው እንኳን (እኩል አንካፈልም፣ ልጆች ናቸው) ለአንድ ሰው በአንድ ጊዜ ከ230 በላይ ካሎሪ ይደርሰዋል፣ ምስሩ ሳይቆጠር፣ እንጀራው ሳይቆጠር። እናቴም እንደዚ ነው የምትሰራው፣ ዘይቱ ከላይ ካልወጣ ወጥ አልበሰለም ይባላል እኮ እኛ ቤት።

እንጀራውን ስመዝነው አንዱ 280 ግራም መጣ፣ በግምት 400 ካሎሪ አካባቢ ነው። እዚህ ጋ ነው ራሴን ያገኘሁት። እኔ "አንድ እንጀራ ነው የምበላው" ስል የምቆጥረው በእጄ የያዝኩትን ጥቅል ነበር። ትሪው ላይ የተነጠፈውን፣ ወጡ የፈሰሰበትን፣ ዘይቱን ጠጥቶ የራሰውን፣ ሁሉም ከተነሳ በኋላ እንዳይደፋ ብዬ ብቻዬን የምጨርሰውን ቆጥሬው አላውቅም። ከሁሉም የሚጣፍጠው ደግሞ እሱ ነው።

ከዛ የማታ ሺፍት አለ። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ እንቅልፍ ሲመጣ ጁስ፣ አንድ እፍኝ ለውዝ፣ እንደገና አንድ እፍኝ (30 ግራም ለውዝ ወደ 170 ካሎሪ ነው)። ጠዋት ቤት ስገባ ልጆቹ የተዉት ማካሮኒ። ቅዳሜ እሁድ ቡና ሲፈላ አቦል ቶና በረካ፣ በየስኒው ሁለት ማንኪያ ስኳር፣ ፈንዲሻ፣ ዳቦ። አንዱንም ምግብ ብዬ አልጠራውም ነበር፣ ምግብ ማለት እጅ ታጥቦ ትሪ ሲቀርብ ነው። 10 ቀኑ ሲደመር በቀን በአማካይ ወደ 2,500 ካሎሪ መጣ፣ እኔ ሳልመዝን በፊት ተጠይቄ የገመትኩት 1,300 ነበር። ጾም ሲመጣ ኪሎ ለምን እንደማይቀንስልኝም ያኔ ነው የገባኝ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ሙሉ ሥጋና ቅቤ ሳልነካ፣ እስከ 9 ሰዓት ሳልቀምስ ቆይቼ፣ በያይነቱ የተባለው እያንዳንዱ ወጥ ላይ ዘይት አለ፣ ሳምቡሳውም ዘይት ውስጥ ነው የተጠበሰው።

በኋላ ሳነብ እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ አየሁ። በ1992 ኒው ዮርክ ውስጥ "ከ1,200 ካሎሪ በታች እየበላን እንኳን አንቀንስም" የሚሉ 10 ሰዎች ተጠንተው ነበር፣ በትክክል ሲለካ የሚበሉት ከተናገሩት እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ፣ ሰውነታቸው ካሎሪ የሚያቃጥልበት መጠን ደግሞ ምንም ችግር አልነበረበትም። እነዚ ሰዎች ዋሾ ናቸው ብዬ አላስብም። እኔ አልነበርኩማ።

ይሄን ካወቅኩ በኋላ ለተወሰኑ ወራት ራሴን በጣም ጠላሁ። ለካ ሆዳም ነኝ፣ ለካ ሐኪሙ ልክ ነው፣ ዘር የምለው ሰበብ ነው አልኩ። እዛ ላይ ቆሜ ብቀር ኖሮ ይሄን ጽሁፍ አልጽፍም ነበር። ያዳነኝ የባሌ ሳህን ነው።

ባሌ 66 ኪሎ ነው፣ ከተጋባን ጀምሮ አልጨመረም። ከአንድ ትሪ ነው የምንበላው። "ይሄ ሰው እኮ ምንም ቢበላ አይወፍርም" እያልኩ በየዘመዱ አውርቼዋለሁ። ለአንድ ሳምንት የሱንም መዘንኩት፣ እና ከኔ ያነሰ ነበር የሚበላው፣ በጣም ያነሰ። ግን ራሱን ተቆጣጥሮ አይደለም! ምሳ ይረሳል። ሰው ምሳ እንዴት ይረሳል? ማታ ሲጠግብ ደግሞ በቃ ጠግቧል፣ ምግቡ ፊቱ ተቀምጦ እያለ እንደሌለ ነው የሚያየው። እኔ ጠገብኩ የሚባለውን ነገር ሆዴ ካልተወጠረ አላውቀውም፣ በልቼ በ2 ሰዓት ውስጥ ሐሳቤ ወደ ፍሪጁ ይሄዳል። እሱ ለማቆም ምንም ጉልበት አያወጣም፣ እኔ በየቀኑ እታገላለሁ፣ ስለዚ ሁለታችንን በአንድ ሚዛን "ራሱን የገዛ" እና "ራሷን ያልገዛች" ማለት ግፍ ነው።

የዘር ጥናቱን ያነበብኩት ያኔ ነው። በ1986 ዴንማርክ ውስጥ በማደጎ ያደጉ 540 ሰዎችን አጥንተው ነበር፣ ሰዎቹ በውፍረትም በቅጥነትም የሚመስሉት የወለዷቸውን እንጂ ያሳደጓቸውን አይደለም። ያሳደጓቸው ቤት ያለው ሳህን እነሱ ሰውነት ላይ አልታየም። ሌላው ካናዳ ኬቤክ ውስጥ ተሰርቶ በ1990 የወጣው ነው፣ 12 ጥንድ ፍጹም ተመሳሳይ መንትያ ወንዶችን በሳምንት 6 ቀን በቀን 1,000 ካሎሪ ተጨማሪ አበሏቸው፣ በድምሩ 84 ቀን። ሁሉም ጨመሩ። ግን አንዱ 4 ኪሎ ሲጨምር አንዱ 13 ጨመረ፣ መንትያ የሆኑት ደግሞ ተቀራራቢ ነው የጨመሩት። ትርፉ ምግብ እኩል ነው፣ ሰውነቱ ግን እኩል አልተቀበለውም። ስለዚ እናቴም ሰፈሩም ዘር ነው ሲሉ አልተሳሳቱም ነበር፣ ሐኪሙም ምግብ ነው ሲል አልተሳሳተም። ያለ ትርፍ ምግብ ኪሎ ከየትም አይመጣም፣ ግን ማን ምን ያህል እንደሚርበው፣ መቼ እንደሚጠግብ፣ ትርፉን የት እንደሚያስቀምጠው ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ዘር ነው።

በጣም የገረመኝን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ዘር ነው ብሎ እጅ መስጠትም እንደማያዋጣ ከዚ በላይ የሚያሳይ አላገኘሁም። በ1997 እንግሊዝ አገር የሁለት የአጎት ልጆች ታሪክ ታተመ፣ አንዷ የ8 አመት ልጅ 86 ኪሎ፣ ሌላው የ2 አመት ልጅ 29 ኪሎ። ሌፕቲን የሚባል፣ ስብ ውስጥ ተሰርቶ ለጭንቅላት "በቂ አለ" ብሎ የሚናገር ሆርሞን በዘር ምክንያት አልነበራቸውም። ሆርሞኑ በመርፌ ሲሰጣቸው ረሀቡ ጋብ አለ፣ ኪሎውም ወረደ። ያቺ ልጅ ስንት ሰው ሆዳም ብሏት ይሆን? እንደዚ አይነቱ በጣም ጥቂት ሰው ላይ ነው የሚገኘው፣ ልጃችሁ ከ5 አመቱ በፊት በጣም ወፍሮ ረሀቡም የማያባራ ከሆነ ግን ሐኪሙን ስለ ዘረመል ምርመራ ጠይቁት። አብዛኞቻችን ያለን እያንዳንዳቸው ትንሽ ትንሽ የሚጨምሩ ብዙ ጂኖች ናቸው፣ በ2007 የታወቀውን፣ ኤፍቲኦ የሚሉትን ጂን የሚያወፍረውን ዓይነት ከእናትም ከአባትም የወረሰ ሰው እንኳን ካልወረሰው በአማካይ 3 ኪሎ ያህል ነው የሚበልጠው። እኔ የጨመርኩት 33 ነው።

33ቱን የገለጠችልኝ እህቴ ናት። ከኔ በ2 አመት ታንሳለች፣ አንድ እናት አንድ አባት፣ በመልክ ሰው ያሳስተናል። ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ ትሸጣለች፣ ዳገቱን በእግሯ ወጥታ ወርዳ ቀኑን ሙሉ ቆማ ነው የምትውለው፣ 68 ኪሎ ነበረች። በ2022 እኔ ጋ መጥታ 5 ወር ቆየች። እኔ ያኔ አስተካክያለሁ፣ እሷ ግን እንግዳ ናትና ዘመድ በየቤቱ ይጠራታል፣ ቀን ቤት ትቀመጣለች፣ ያለ መኪና የትም አይሄድም። ስትመለስ 77 ነበረች። አዲስ አበባ ገብታ በ6 ወር ውስጥ ምንም ዳይት ሳትይዝ አብዛኛውን ጣለችው። ጂኗ አውሮፕላን ላይ አልተቀየረም አይደል።

ይሄው ነገር በሕዝብ ደረጃም ታይቷል። ፒማ የሚባሉ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አሉ፣ አሪዞና ያሉት ሜክሲኮ ተራራ ላይ በእርሻ ከሚኖሩት የሥጋ ዘመዶቻቸው በአማካይ 26 ኪሎ ይከብዱ እንደነበር በ1994 ተጽፏል። የኛም ሰው አለ፣ በ1984 እና በ1991 ወደ እስራኤል የገቡት ቤተ እስራኤላውያን ሲደርሱ ስኳር በሽታ ብርቅ ነበር፣ ጥቂት አመት ሳይቆይ በፍጥነት ተስፋፋባቸው፣ ያውም ብዙዎቹ ለዓይን ወፍራም የማይባሉ ነበሩ። ስለዚ ቀጭን ነኝ ብላችሁ ስኳር ከመለካት አትቅሩ፣ ይሄን አደራ እላለሁ።

አሁን ያደረግኩትን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ያልሰራውን። በ2018 3 ሳምንት በሎሚ ውሃና በሾርባ ኖሬ 8 ኪሎ ጥዬ ነበር፣ በአመቱ 11 ሆኖ ተመለሰ። ጓደኛዬ እንደዛው አድርጋ የሐሞት ጠጠር ይዟት ኦፕሬሽን ተደርጋለች፣ ኪሎ በጣም በፍጥነት ሲወርድ ጠጠር የመፍጠር ነገር አለው። እዚህ አሜሪካ በቴሌቪዥን ኪሎ ሲጥሉ ይወዳደሩ የነበሩ 14 ሰዎች ከ6 አመት በኋላ ሲለኩ (በ2016 የወጣ ነው) አብዛኞቹ ብዙውን መልሰው ጨምረዋል፣ ሰውነታቸው ደግሞ ከሚጠበቀው በቀን ወደ 500 ካሎሪ ያህል ቀንሶ ያቃጥል ነበር። ሰውነት የጣለውን ለማስመለስ ይታገላል። ይሄን ካነበብኩ በኋላ የድሮ 64ቴን መመኘት አቆምኩ።

የሰራው ረሀቤን ሳልታገል ቤቱን መቀየር ነው። ሽንኩርቱን ያለ ዘይት ነው የማቁላላው፣ በራሱ ውሃ፣ ሲይዝ ጠብ ጠብ እያደረግኩ ሙቅ ውሃ፣ የዶሮ ወጥ ሽንኩርት እንደሚቁላላው ማለት ነው እኮ፣ አዲስ ነገር አይደለም። ዘይቱን ወደ መጨረሻ 3 የሾርባ ማንኪያ፣ በማንኪያ ተለክቶ፣ በዓይን ፈጽሞ አይደለም። ጣዕሙ የሚመጣው ከመቁላላቱና ከበርበሬው ነው፣ የመጀመሪያው ሳምንት ባሌ አጉረመረመ፣ ከዛ ረሳው። በአዘቦት ቀን ትሪ አይቀርብም፣ ለየራሳችን ሳህን፣ ለኔ አንድ እንጀራ፣ ከስር የሚነጠፈውም እሱ ላይ ተቆጥሮ። ጎመንና ቆስጣ እንደ ማባያ ሳይሆን ሳህኑን ግማሽ የሚሸፍን ነው የማወጣው። ቁርስ ላይ ሁለት እንቁላል መብላት ጀመርኩ፣ ምክንያቱም ችግሬ ቀኑን ሙሉ ተርቤ ማታ መውደቄ ነበር። ለውዝና ጁስ ቤት አላስገባም፣ ካለ እንደምበላው አውቃለሁ። የቡና ስኳሩን በየወሩ ግማሽ ማንኪያ እየቀነስኩ ዜሮ አደረስኩት። በ2022 የቀን ሺፍት ሳገኝ እንቅልፌ ተስተካከለ፣ ረሀቡም በጣም ነው የቀለለልኝ፣ ይሄን ቀላል አድርጋችሁ እንዳታዩት። ዎክ በየቀኑ 40 ደቂቃ አደርጋለሁ፣ ግን ኪሎ በዎክ ብቻ እጥላለሁ ብላችሁ አትድከሙ፣ የ40 ደቂቃውን እርምጃ አንድ እፍኝ ለውዝ ይመልሰዋል፣ የዎክ ጥቅሙ ለስኳሩ፣ ለጉልበቱና ለመንፈስ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት ታይሮይድ አስመርመሩ፣ የምትወስዱትንም መድኃኒት ጠይቁ፣ ፕሬድኒሶሎን፣ ኢንሱሊን፣ አንዳንድ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች ኪሎ ይጨምራሉ፣ በራሳችሁ ግን እንዳታቆሙ። ኪሎ የሚቀንሰው መርፌም ነውር አይደለም። አብራኝ የምትሰራ ልጅ ሴማግሉታይድ ጀምራ "ጭንቅላቴ ውስጥ ስለ ምግብ የሚያወራው ነገር ዝም አለ" አለችኝ፣ እኔ ያለቀስኩት ለሷ ደስ ብሎኝ ነው፣ ያ ድምጽ ምን እንደሆነ ስለማውቀው። በ2021 በወጣው ጥናት በ68 ሳምንት በአማካይ ከኪሏቸው 15 ፐርሰንት ያህል ቀንሰዋል፣ በአብዛኛው የሚሰራው ረሀብን አብርዶ ነው፣ ሲቆም ግን አብዛኛው ይመለሳል። የኔ ኢንሹራንስ አልሸፈነልኝም።

ከ97 ወደ 79 ለመውረድ 20 ወር ፈጀብኝ። ከዛ ወዲህ በ79 እና በ82 መሀል ነኝ፣ ኤዋንሲዬ 5.5 ነው፣ ማንኮራፋቱ ቀርቷል። የቁመትና የኪሎ ሠንጠረዡ አሁንም ከልክ በላይ ነሽ ይለኛል። ከዚ በታች ለመውረድ ሁለቴ ሞክሬ ቀኑን ሙሉ ስለ ምግብ ብቻ ሳስብ ስለዋልኩ ተውኩት፣ ይሄ የቀረው የእናቴ ነው ብዬ ተቀብዬዋለሁ።

ከምግቡ የበለጠ የከበደኝ ሰው ነው። ማኅበር ላይ "በሞቴ አንዴ ብቻ" ተብሎ ጉርሻ ሲመጣ ዳይት ላይ ነኝ ማለት እንደ ስድብ ይቆጠራል። አሁን የመጀመሪያውን ጉርሻ በደስታ እቀበላለሁ፣ ከዛ "ሐኪም ለስኳር ብሎኛል" እላለሁ። ለስኳር ሲባል ሁሉም ይተውሻል፣ ለኪሎ ሲባል ማንም አይሰማሽም።

ሴት ልጄ 9 አመቷ ነው፣ ወንዱ 6። እሱ ግማሹን ትቶ ይነሳል፣ አባቱን ነው። እሷ ጨርሳ የሱን ታየዋለች። አንድ ቀን "እማዬ እኔ ለምንድነው ቶሎ የሚርበኝ?" አለችኝ፣ አንቺ እኔን ነሽ፣ እኔም አያትሽን ነኝ፣ ጥፋት አይደለም፣ ሲርብሽ ንገሪኝ አልኳት። "ቀንሺ" የሚለው ቃል ለሷ እንዲነገር አልፈቅድም። ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን ነው የምናበስለው፣ ወንበር ላይ ቆማ ዘይቱን በማንኪያ የምትለካው እሷ ናት።

ባለፈው ቅዳሜ እናቴ በቪዲዮ ደውላ አየቻትና "ውይ እኔን መሰለች፣ እሷም ትሰፋለች" አለች። ስልኩን ይዤ ወደ ሌላ ክፍል ገባሁና እማዬ እባክሽ እሷ እየሰማች እንደዚ አትበዪ፣ እኔ ይሄን ሰምቼ ነው ያደግኩት አልኳት። ዝም አለች። የተቀየመችኝ መስሎኝ ነበር። ከዛ ቀስ ብላ "እስቲ ያን ሽንኩርት ያለ ዘይት እንዴት ነው የምታቁላላው ያልሽኝ?" አለችኝ።